ላላለቀ ጌም ከመክፈላችሁ በፊት

በኤርሊ አክሰስ የሚሸጥ ጌም ሠሪዎቹ ገና እየሠሩት ያለ ጌም ነው። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ዛሬ የደረሰበትን ይጫወታል፤ የጎደለው በየጊዜው በሚለቀቅ አፕዴት ይሟላል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። ይሟላል የተባለው እንዲሟላ ግን ሠሪውን የሚይዘው ውል የለም። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ይህን አሸጣጥ የጀመረው በማርች 2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዛሬ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ጌም ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፦ ጌሙ አላለቀም፣ ከዚህ በኋላ ሊለወጥም ላይለወጥም ይችላል፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ልትጫወቱት ካልጓጓችሁ ቆዩ ይላል። በማብራሪያው ገጽ ደግሞ አንዳንድ ሠሪዎች ጌማቸውን መጨረስ እንደሚያቅታቸው በግልጽ ሰፍሯል። ሻጩ እንግዲህ ደብቆን አያውቅም። ሰው የሚጎዳው ከማስጠንቀቂያው ከፍ ብሎ የተቀመጠው ቪዲዮ ልቡን ስለሚወስደው ነው።

የማምንበትን በአጭሩ ላስቀምጠው። ዋጋውን መመዘን ያለባችሁ ዛሬ ዳውንሎድ አድርጋችሁ ከምትጫወቱት ጋር ብቻ ነው። ሮድማፕ ላይ፣ ማለትም ወደፊት ይጨመራል በተባለው ዝርዝር ላይ፣ የተጻፈውን ሁሉ በዜሮ ቁጠሩት። ከመጣ ጥሩ፤ ካልመጣም የጎደለባችሁ ነገር አይኖርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ስሌት በተግባር እንዴት እንደምትሠሩት ነው።

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2ን እንይ። የመጀመሪያው ከርባል በሮኬት አሠራርና በምሕዋር ጉዞ ብዙ ሰው ያስተማረ፣ እጅግ የተወደደ ጌም ነበር። ሁለተኛው በትልቅ አሳታሚ ኩባንያ ሥር ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 24፣ 2023 በኤርሊ አክሰስ ሲወጣ ዋጋው 49.99 ዶላር ነበር፤ ያለቀ ትልቅ ጌም ከሚሸጥበት ብዙም የማይርቅ ዋጋ ማለት ነው። ሮድማፑ በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሰፈራ መገንባትን፣ ወደ ሌላ ኮከብ መጓዝንና መልቲፕሌየርን (ብዙ ሰው አብሮ መጫወትን) ይዘረዝራል። በወጣበት ቀን የነበረው ግን ሮኬት ገጣጥሞ እንደልብ ማስወንጨፍ ብቻ ነው፤ እሱም በባግ (በፕሮግራም ስህተት) የተሞላ ነበር። ዝቅተኛ ተብሎ የተጻፈው ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 2060፣ የሚመከረው አርቲኤክስ 3080 ስለነበር ብዙ ሰው ገዝቶት እንኳ በደንብ ሊያስኬደው አልቻለም። በዲሴምበር 2023 የሳይንስ ምርምር ክፍል ተጨመረ፣ ተጫዋቹም ተስፋው ለመለመ። በ2024 ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፣ ስቱዲዮው ተዘጋ። ሰፈራውም፣ ኮከቡም፣ መልቲፕሌየሩም አልመጡም። ጌሙ ግን ከዚያ በኋላም በዚያው ገጽ ላይ ለሽያጭ ቀርቦ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትልቁ ነገር የአሳታሚው ስም ዋስትና አለመሆኑን ነው። ትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ስላለው የጀመረውን ይጨርሳል ብለን እናስባለን። ኩባንያው ግን በየሩብ ዓመቱ ሒሳብ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፤ አንድ ጌም ከሚያስገባው በላይ የሚበላ ከሆነ ስቱዲዮውን መዝጋት ለእሱ ኪሳራ መቁረጥ ነው። ትንሽ ቡድን ገንዘብ ሲያልቅበት ይቆማል፣ ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ገንዘብ ሳያልቅበትም ሊያቆም ይችላል።

ዘ ዴይ ቢፎር ሌላ ዓይነት ነው። በማስታወቂያ ቪዲዮዎቹ ሰፊ ክፍት ዓለም ያለው፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚኖርበት የዞምቢ ጌም መስሎ ለዓመታት ሲጠበቅ ቆየ። በዲሴምበር 7፣ 2023 በ39.99 ዶላር ወጣ። የወጣው ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበርና በአራተኛው ቀን ስቱዲዮው መዘጋቱን አሳወቀ። ሰርቨሮቹ በጃንዋሪ 22፣ 2024 ጠፉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ጌሙን ማንም ሊከፍተው አይችልም። ገዢዎቹ የተጫወቱት ሰዓት ሳይቆጠር ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ ነገር ግን ይህ የሆነው ጉዳዩ ዓለም ያወቀው ቅሌት ስለሆነ ነው። ሁለት ሺህ ሰው ብቻ የገዛው ጌም ሲሞት እንዲህ ያለ ምሕረት አትጠብቁ።

ሦስተኛው አካሄድ ድምፅ የሌለው ነው፦ ጌሙ ሳያልቅ "1.0"፣ ማለትም ያለቀ ቨርዥን፣ ይባላል። ስፔስቤዝ ዲኤፍ-9 በኦክቶበር 2013 ለሽያጭ ቀረበ፣ ሽያጩ ወጪውን አልሸፈነም፣ በሴፕቴምበር 2014 ሥራው እንደሚያበቃ ተነገረ፣ በቀጣዩ ወር 1.0 ተብሎ ወጣ። የታቀዱት ነገሮች ረጅም ዝርዝር እንደነበረ ቀረ። የ1.0 ማኅተም የሚያትመው ሠሪው ራሱ ነው። ስለዚህ "ከኤርሊ አክሰስ ወጥቷል" የሚለው ዜና ጌሙ ሙሉ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የታቀደውንና የገባውን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ጎደስ ደግሞ በተቃራኒው ከ2013 ጀምሮ ሳያልቅ ሲሸጥ ኖሮ፣ ሳያልቅ በ2023 መጨረሻ ከስቲም ተነሣ።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ሄዲስ በዲሴምበር 2018 ተጀምሮ በሴፕቴምበር 2020 አልቆ ወጣ። ባልደርስ ጌት 3 በኦክቶበር 2020 በሙሉ ዋጋ ለሽያጭ ሲቀርብ የነበረው የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነበር፤ በኦገስት 2023 ሙሉው ወጣ። እነዚህን ከከሰሩት የሚለያቸው ነገር አለ፦ ሁለቱም ስቱዲዮዎች ቀደም ሲል ያለቁ ጌሞችን ሸጠው የሚያውቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያቀረቡትም ትንሽ ቢሆን የበሰለ ነበር። የባልደርስ ጌት የመጀመሪያ ክፍል ባግ ባያጣም ለብቻው ለብዙ ሰዓት የሚያጫውት ነበር። ሌሎች ደግሞ ይደርሳሉ፣ ግን ዕድሜ ይፈጃሉ። ዴይዚ ከዲሴምበር 2013 እስከ ዲሴምበር 2018፣ ሰቨን ዴይስ ቱ ዳይ ከዲሴምበር 2013 እስከ ጁላይ 2024 ወስደዋል። አሥር ዓመት ተኩል ማለት ነው፤ በዚያ መሃል የገዛችሁበት ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ሊቀየር ይችላል።

ገንዘቡ ለምን ያልቃል

አብዛኛው ሰው ሠሪው ገንዘብ ይዞ ጠፋ ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጌም በ20 ዶላር 10,000 ቅጂ ተሸጠ እንበል። 200,000 ዶላር ነው። ስቲም ከመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ 30 በመቶ ይወስዳል፤ 140,000 ይቀራል። ታክስና ገንዘቡን ያስመለሰ ሰው ገና አልተቀነሱም፣ አሳታሚ ካለም ድርሻውን ይወስዳል። እነሱን ሁሉ ትተን አምስት ሰው በወር 4,000 ዶላር ቢከፈለው ወሩ 20,000 ይበላል። ሰባት ወር። ገጹ ላይ ግን "ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት" ተብሎ ተጽፏል።

ቀሪው ከየት ይመጣል? ከአዲስ ሽያጭ። የጌም ሽያጭ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ብሎ ወዲያው የሚወርድ ነው። በኤርሊ አክሰስ ይህ ከፍታ ጌሙ ገና ጥሬ ሳለ ይመጣና ያልፋል። ከልቡ የሚፈልገው ሰው ቀድሞ ገዝቶታል፤ 1.0 ሲወጣ የሚገዛው ሰው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሠሪው ጌሙን ለመጨረስ የሚያተጋው ገንዘብ አስቀድሞ በእጁ ገብቷል ማለት ነው፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ወጪ ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ራሱ ለሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ ያለ ሽያጭ ወይም በጥቂት ሽያጭ ጌሙን መጨረስ ካልቻላችሁ በዚህ መንገድ አትልቀቁ ይላል። ይህን መመሪያ ለሚከተል ቡድን ኤርሊ አክሰስ አስተያየት መሰብሰቢያ ነው፤ ለማይከተለው የደመወዝ ምንጭ ነው። ሁለቱን መለየት የገዢው ሥራ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የዚህ ግፊት አንዱ ምልክት ያላለቀ ጌም ላይ ተጨማሪ ክፍል በገንዘብ መሸጥ ነው። አርክ፦ ሰርቫይቫል ኢቮልቭድ በሴፕቴምበር 2016፣ ገና ኤርሊ አክሰስ ላይ ሳለ፣ የሚከፈልበት ተጨማሪ ካርታ አውጥቶ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል። አርክ በዓመቱ 1.0 ደርሷል፤ ሌላው ግን እንደ አርክ ሚሊዮኖች የሚገዙት ጌም አይደለም።

ገጹ ላይ ምን ታያላችሁ

ቪዲዮውን እለፉትና ወደ ሰማያዊው ሳጥን ውረዱ። ሠሪው ለስቲም ጥያቄዎች የሰጣቸው መልሶች እዚያ ናቸው፦ ለምን በዚህ መንገድ እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሙሉው ጌም ከአሁኑ በምን እንደሚለይ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ይቀየር እንደሆነ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው አሁን ስላለበት ሁኔታ የተሰጠው መልስ ነው። ጥሩ መልስ የሚቆጠር ነገር ይናገራል፦ ሦስት ካርታ፣ ሃያ መሣሪያ፣ ታሪኩ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያቆማል። "ዋናው ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ይሠራል" ብቻ ካለ ምንም አልነገራችሁም። ጊዜን በተመለከተ የተጻፈውን ከወጣበት ቀን ጋር አስተያዩት። ጌሙ የወጣው ከሦስት ዓመት በፊት ሆኖ ሳጥኑ ላይ አሁንም "ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር" ካለ፣ ያንን ገጽ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ቀጥሎ የአፕዴት ታሪክ ነው። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ስቲም አፕዴት ሳይደረግ ከ12 ወር በላይ በቆየ የኤርሊ አክሰስ ጌም ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወሻ ያሳያል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንድ ዓመት ረጅም ነው። ራሳችሁ የዜናውን ክፍል ከፍታችሁ የመጨረሻዎቹን ስድስት ማስታወቂያዎች አንብቡ። በየወሩ ዜና መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የቅናሽ ዜና፣ የበዓል መልካም ምኞትና የስዕል ውድድር አፕዴት አይደሉም። የቨርዥን ቁጥርና የተስተካከሉ ባጎች ዝርዝር ያለውን ብቻ ቁጠሩ። ስቲምዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የጌሙን ስም ፈልጋችሁ የፓች (የማስተካከያ) ዝርዝሩን ብትከፍቱ አዲስ ቅጂ መቼ መቼ እንደተጫነ ያሳያችኋል፤ ሠሪው ዝም ቢልም ሥራ መኖሩን ወይም መቆሙን ከዚያ ማየት ይቻላል። እኔ ከአፕዴቱ ብዛት ይልቅ ክፍተቱን አያለሁ። በየሁለት ወሩ ሲለቀቅ የነበረ ነገር ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ ስምንት ወር ከተዘረጋ ቡድኑ ሰው እያጣ ወይም ወደ ሌላ ሥራ እየዞረ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሪቪዎቹን ስታነቡ ጠቅላላ ውጤቱን ተዉት። ባለፉት 30 ቀናት የተጻፉትን ነጥሎ የሚያሳየውን ውጤት ከጠቅላላው ጋር አወዳድሩ። ጠቅላላው "በጣም ጥሩ"፣ የቅርቡ "ድብልቅ" ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከዚያ በተጫወቱት ሰዓት አጣሩና ከ50 ሰዓት በላይ ተጫውተው አሉታዊ የጻፉትን አንብቡ። ሁለት ሰዓት ተጫውቶ የወደደ ሰው የነገራችሁ ስለ መግቢያው ነው። ሃምሳ ሰዓት የተጫወተው ሰው ይዘቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ሴቭ ፋይሉ (የተጫወተውን የሚያስቀምጠው ፋይል) በየትኛው አፕዴት እንደተሰረዘ፣ ከአራት ወር በፊት የተነገረው ነገር መጥቶ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሮድማፕ ላይ "መልቲፕሌየር በቅርቡ" ተብሎ ከተጻፈና ዛሬ ጌሙ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ እንደማይመጣ አድርጋችሁ ግዙ። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ለአንድ ሰው በተሠራ ጌም ውስጥ ሁሉም ነገር፣ የጠላት ቦታ፣ የሳጥን ይዘት፣ የወደቀ ድንጋይ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይወሰናል። ሁለተኛ ሰው ሲገባ የትኛው ማሽን ነው ትክክለኛው የሚለው ለእያንዳንዱ ነገር መመለስ አለበት፣ በየሰከንዱም ልዩነቱ በኔትወርክ መላክ አለበት። ይህ ከላይ የሚለጠፍ ክፍል ሳይሆን የጌሙን ኮድ ከሥር የሚነካ ለውጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ግማሹ እንደገና ይጻፋል። የሚያደርጉት አሉ፣ ግን ብዙ ቡድን እዚህ ላይ አንድ ዓመት ጠፍቶበት፣ ተጫዋቹም ሰልችቶት ሄዷል።

ሁለቱን ሰዓት በአግባቡ መጠቀም

የስቲም ሕግ ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ በፈለጋችሁት ምክንያት ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ ይላል። በኤርሊ አክሰስ የተጫወታችሁት ሰዓት ከዚያ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆጠራል፤ ጌሙ 1.0 ሲሆን እንደ አዲስ የሚጀምር ቆጣሪ የለም። ሰዓቱ የሚቆጥረው ፕሮግራሙ ክፍት የሆነበትን ጊዜ ነው፦ ሜኑ ላይ ትታችሁት ቡና ብትጠጡም ይቆጥራል፤ የራሱን ላውንቸር (ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ከፍቶ ተጨማሪ ፋይል ሲያወርድም ይቆጥራል። ስለዚህ ለመዝናናት ሳይሆን ለመፈተሽ ግቡ፣ ስልካችሁ ላይም የ90 ደቂቃ ማንቂያ ሙሉ።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለአቅሙ ስጡ። ግራፊክሱን መካከለኛ አድርጉና ከመክፈቻው ክፍል ወጥታችሁ ብዙ ነገር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ተመልከቱ፤ ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን በማዕዘን የሚያሳይ አማራጭ አለ። አነስተኛ ከሆነ ሬዞሉሽኑን ወደ መጨረሻው ዝቅ አድርጉት። ቁጥሩ በጉልህ ከጨመረ የጫነው ግራፊክስ ካርዱን ነው፤ ይህ ዓይነቱ ችግር በኋላ በሚመጣ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የታነቀው ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ላይ ነው፣ ማለትም የጌሙ ስሌት ራሱ ከብዷል። ይህ ከጌሙ አወቃቀር የሚመጣ ስለሆነ "በኋላ እናፈጥነዋለን" የሚለውን ቃል እኔ አላምነውም፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛትም አያድናችሁም። ከተማ ወይም ፋብሪካ የሚገነባበት ጌም ከሆነ ሌሎች የሠሩትን ትልቅ ሴቭ ፋይል አውርዳችሁ ክፈቱት። ባዶ መሬት ላይ 90 ፍሬም የሰጠ ጌም ሙሉ ከተማ ላይ 15 ሊሰጥ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ እዚያ የምትደርሱት ሁለቱ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ሴቭ አድርጋችሁ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፤ መልሳችሁ ክፈቱት። የያዛችሁት ዕቃ፣ የጀመራችሁት ተልዕኮ፣ የገነባችሁት ግድግዳ ሁሉ እንደነበረ አለ? ሴቭ በትክክል የማይመልስ ጌም ምንም ያህል ቢያምር ለመግዣ ገና ነው። ሜኑዎቹን ሁሉ ዙሩ። የደበዘዙና "በቅርቡ" የሚል የተጻፈባቸውን ቁልፎች ቁጠሩ፤ ከሚሠሩት ቁልፎች ከበዙ ዋጋውን በዚያው ልክ አስቡት። ኦንላይን ከሆነ በምትጫወቱበት ሰዓት ስንት ሰው እንዳለ እዩ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁም ይከፈት እንደሆነ ሞክሩ። ያለ ሰርቨር የማይከፈት ያላለቀ ጌም ከሁሉም የባሰ አደጋ ያለው ነው፤ ስቱዲዮው ሲዘጋ ያለቀውም ያላለቀውም አብሮ ይጠፋል። ተጫዋቾች ራሳቸው ሰርቨር የሚያቆሙበት ፋይል የሚሰጥ ከሆነ ግን ሠሪው ቢጠፋም ጌሙ ይኖራል።

ካልወደዳችሁት በስቲም የእርዳታ ገጽ "ግዢዎች" ውስጥ ገብታችሁ ጌሙን ምረጡ፣ ገንዘብ ማስመለስ የሚለውን ተጫኑ፣ ወደ ስቲም ዋሌት ወይም ወደ ከፈላችሁበት መንገድ ይመለስ ብላችሁ ምረጡ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከሁለት ሰዓት ካለፋችሁም መጠየቅ አይከለከልም፤ ስቲም ከሕጉ ውጭ ያለውንም አያለሁ ይላል፣ ግዴታ ግን የለበትም። ከሌላ ድረ ገጽ የገዛችሁትን ቁልፍ ስቲም አይመልስም፤ በጥቂት ዶላር ቅናሽ ይህን መብት መስጠት ለኤርሊ አክሰስ ጌም ፈጽሞ አያዋጣም። ኤፒክ የሚባለው ሌላ መሸጫ እንደ ስቲም 14 ቀንና ከ2 ሰዓት በታች ነው። ጎግ የሚባለው መሸጫ ደግሞ እስከ 30 ቀን፣ ተጫውታችሁትም ቢሆን ይቀበላል፣ ኢንስታለሩንም ለብቻው አውርዳችሁ ማስቀመጥ ስለምትችሉ ያላለቀ ጌም ሁለቱም ጋ ካለ ጎግን አስቀድማለሁ። ፕሌይስቴሽን ላይ ግን ዳውንሎድ ከጀመራችሁ በኋላ ጌሙ ካልተበላሸ በቀር መብቱ ያበቃል፤ እዚያ ፈትሾ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ጌሙን ካቆያችሁት

ያላለቀ ጌም ሴቭ ፋይል በማንኛውም አፕዴት ሊጠፋ ይችላል። ፋይሉ የጌሙን ዓለም በዚያን ቀን በነበረው ቅርጽ ነው የሚጽፈው። ሠሪው የዕቃ መለያ ቁጥር ወይም የካርታ አሠራር ሲቀይር አዲሱ ቅጂ የድሮውን ማንበብ ያቅተዋል፤ ያለቀ ጌም የሚሸጡ ሰዎች የድሮውን ወደ አዲሱ የሚቀይር ኮድ ይጽፋሉ፣ ገና የሚሠሩት ግን ጊዜ ስለሌላቸው "አዲስ ጀምሩ" ይላሉ። አፕዴት ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ጌም አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ባለው የተደበቀ አፕዳታ ፎልደር፣ ሎካልሎው ሥር፣ በሠሪው ስም ያስቀምጣል። አንሪል በሚባለው ሌላ መሥሪያ የተሠራው ደግሞ በዚያው አፕዳታ፣ ሎካል ሥር፣ በጌሙ ስም "ሴቭድ" የሚል ፎልደር ይከፍታል። ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በቨርዥኑ ቁጥር ሰይሙት። አንድ ጥንቃቄ፦ የድሮውን ፋይል በአዲሱ ቅጂ ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ወደ ድሮው ቅጂ ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የምትሞክሩት በኮፒው ይሁን። ሴቭ ፋይልን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ስቲም ክላውድም የመለሳችሁትን በአዲሱ ሊተካው ስለሚችል መጀመሪያ ለዚያ ጌም አጥፉት።

አፕዴቱ ጌሙን ካበላሸው ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ ስሙ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ የሚለውን ክፈቱ። ጠንቃቃ ሠሪዎች የቀደሙትን ቅጂዎች እዚያ ያስቀምጣሉ፣ መርጣችሁ ወደ ኋላ መመለስ ትችላላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አለመኖሩ በራሱ ስለ ቡድኑ አሠራር ይናገራል። በዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ አፕዴትን "ጌሙን ስከፍት ብቻ" ወደሚለው ቀይሩት፤ ትልቅ አፕዴት በወጣበት ሳምንት ሌላው ሰው ምን እንደገጠመው አይታችሁ ትከፍቱታላችሁ።

ጌሙ መተዉ እርግጥ ከሆነ ሦስት ነገሮችን አድርጉ። ኦፍላይን የሚሠራ ከሆነ የመጨረሻውን የሚሠራ ቅጂ ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አንዳንድ የስቲም ጌሞች ስቲም ሳይከፈት በቀጥታ ይነሣሉ፣ ሞክሩት። ሪቪያችሁን አድሱ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጥሩ ተስፋ የጻፋችሁት አዎንታዊ ሪቪው ዛሬም አዲስ ገዢ እየሳበ ነው። በሪቪው ውስጥም የቨርዥኑን ቁጥር፣ የመጨረሻው እውነተኛ አፕዴት የወጣበትን ወርና ከሮድማፑ ያልመጡትን ነገሮች በስም ዘርዝሩ። "ሞቷል፣ አትግዙ" ከሚለው ይልቅ "ቨርዥን 0.6፣ ሦስተኛው ካርታና መልቲፕሌየር አልመጡም፣ የመጨረሻው ፓች ከ14 ወር በፊት ነው" የሚለው ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ይጠቅመዋል።